ጣራውን ማጽዳት ቤቱን ማጽዳት ነውን?

አንድ ሰው በሕጋዊ ውል የገዛው ቤት፣ ከተሠራበት ዕቃ የተነሣ ጤናን የሚጎዳ ሆኖ ቢገኝ ኃላፊው ማን ነው? ሻጩ ነው፣ ሠሪው ነው ወይስ መንግሥት? ጥያቄውን በሐሳብ ብቻ ከመከራከር ይልቅ በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1968 እስከ 1979 ድረስ፣ «ሚስተር ፍላፊ» በሚል ስም የታወቀ ድርጅት ብርድና ሙቀት ለመከላከል ሲል ልቅ የአስቤስቶስ ብናኝ ከ1,000 በሚበልጡ ቤቶች ኮርኒስ ላይ በቱቦ ነፋ። አስቤስቶስ ከሲሚንቶ ጋር ሲቀላቀል ታስሮ ይቆያል። ያለ ማያያዣ ሲበተን ግን ለዓይን የማይታየው ክር ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ነቀርሳ ሊያስከትል ይችላል። ሥራው በተጀመረበት በ1968 አንድ የጤና ጥበቃ ባለሙያ ይህ ነገር ጎጂ ስለሆነ እንዲከለከል ለመንግሥት አመልክቶ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም።

የመጀመሪያው የመንግሥት እርምጃ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 ድረስ ቤቶቹ እየተመረመሩ ከኮርኒስ በላይ ያለው ብናኝ ተጠርጎ ወጣ፤ ለባለቤቶቹም ሥራው መጠናቀቁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ብናኙ ግን በግድግዳው ክፍተት አስቀድሞ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ሕዝቡ ወረቀቱን አምኖ ገዛ፣ ሸጠ፣ ልጅ አሳደገ፣ ቤቱን ለማደስም ግድግዳ አፈረሰ።

በ1993ቱ ዘመቻ ያመለጠ አንድ ቤት በኋላ ተገኝቶ በዝርዝር ሲመረመር ክሩ እስከ መኖሪያ ክፍሎች እንደሚደርስ ታወቀ። ስለዚህ ጥቅምት 28 ቀን 2014 የካንቤራ አስተዳደር ቤቶቹን ገዝቶ እንደሚያፈርስ አስታወቀ። ዋጋቸውም አስቤስቶስ እንደሌለባቸው ተቆጥሮ ተገመተ። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ 1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሰጠ፤ ገንዘቡ ግን ስጦታ ሳይሆን ብድር ነበር። የጸዳው ቦታ ሲሸጥ ለቀድሞው ባለቤት ቅድሚያ ቢሰጠውም፣ መግዣው የዕለቱ ገበያ ዋጋ ስለነበረ ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው መመለስ ያልቻሉ ነበሩ።

ከዚህ ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛ፣ የማገድ ሥልጣን ያልተከተለው የባለሙያ ማስጠንቀቂያ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ የሚቀር ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ጥገና የሚለካው ጉዳቱ በታየበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ነው።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ማኅተም ቃል ኪዳን ነው። «ተጠናቋል» ብሎ ያተመ መንግሥት በዚያ ቃል ለተማመነው ሁሉ ባለዕዳ ይሆናል። ስለዚህ የ2014ቱ ግዢ እንደ ችሮታ ሊቆጠር አይገባውም፤ የዘገየ ዕዳ አከፋፈል ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። በ1968 በአንድ የእገዳ ደብዳቤ ሊቆም ይችል የነበረው ነገር በ2014 የቢሊዮን ብድር ጠየቀ። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም የሕግ ሰው ሆነን በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የምንይዝ ተማሪዎች፣ ከመምታታችን በፊት ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ የመጠየቅ ልማድ ዛሬውኑ ልናዳብር ይገባናል።