ስለ አልኮል ምድጃ፤ በቶርኖ ተሠርቶ ለመንገደኛ ሹም የሚሆን

ስለ ደን ጥበቃ የሚያስተምር ሹም ባደረበት ሰፈር ሁሉ ለሻዩና ለእራቱ የወይራ እንጨት የሚያስነድድ እንደ ሆነ ቃሉን የሚሰማለት ገበሬ አያገኝም። በከረጢት የሚያዝ የአልኮል ምድጃ ይህን ነቀፋ ያስቀርለታል፤ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ባለበት ከተማም ጐበዝ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል።

ይህ ምድጃ እንደ ፕሪሙስ ፓምፕ የለውም። የታወቀው ምሳሌ በስዊድን አገር በ1925 የተቋቋመው ትራንጊያ የተባለው ፋብሪካ ከ1951 ጀምሮ ለመንገደኞች ከሠራው ምድጃ ጋር ያለው የነሐስ ጽዋ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። ብልሃቱ ያለው በግድግዳው ነው። ጽዋው ሁለት ግድግዳ አለው፤ በመካከል ያለው ክፍተት ከሥሩ ከጽዋው ሆድ ጋር ይገናኛል። በሆዱ ያለው አልኮል ሲለኰስ ነበልባሉ ግድግዳውን ያሞቃል፤ በክፍተቱ ያለው አልኮል ይፈላና እንፋሎቱ በከንፈሩ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች እየወጣ ይነዳል። አልኮል በባሕር ጠለል ከፍታ በ78 ዲግሪ ይፈላልና ከውሃ ይቀድማል።

ለሥራው 70 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል የነሐስ ዘንግ ይመረጣል። የውጩ ጽዋ ቁመቱ 45 ሚሊሜትር ይሁን፤ ውስጡም በ62 ሚሊሜትር ስፋትና በ42 ጥልቀት ይቦርቦር። ሁለተኛው አካል ከላይ ከንፈር ያለው ቧንቧ ነው፤ ሆዱ 48፥ ውጩ 50 ሚሊሜትር ይሆናል። እግሩ ወለሉን ይነካል፤ አልኮሉ እንዲያልፍ ግን በሞረድ አራት ስንጥቅ ይበጅለት። በከንፈሩም ላይ በየ15 ዲግሪው የ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቢበሳ 24 ይሆናል። የከንፈሩ ስፋት ከጽዋው አፍ በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ይብለጥ። ጽዋው በእሳት ሞቆ ሲሰፋ ቧንቧው ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፤ ሲበርድም አጥብቆ ይይዘዋልና ብየዳ አያሻም። እዚህ ላይ የቸኰለ ባለሙያ ድካሙ ከንቱ ነው፤ እንፋሎቱ በጐን ካመለጠ ነበልባሉ ይደክማል። ነሐስ ሲቀረጽ የመቅረጫው አናት ጠፍጣፋ ይሁን፤ ያዘነበለ ከሆነ እየነከሰ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው አሞላሉ ነው። የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ጠፍቷል ብሎ ከጠርሙስ የሚጨምር ሰው እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ይዘልበታል፤ የሚነደውም አልኮል በፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው ላይ ይረጫል። ስለዚህ ምድጃው በክዳን ታፍኖ ይጥፋ፤ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ግማሹ፥ ማለት 60 ሚሊሊትር ያህል ይሞላ። ቤንዚን ፈጽሞ አይግባበት። በተዘጋ ድንኳን ውስጥም አይለኰስ፤ ጢስ ባይታይም ገዳይ አየር ሊጠራቀም ይችላል።

የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ አልኮል ሲያወጣ ቈይቷል፤ ለምድጃ የሚሆነው እንዲህ ያለው ጠንካራ አልኮል ነው። የቤት አረቄ ብዙ ውሃ ስላለበት አይሆንም፤ ብዙ ማገዶ ፈጅቶ የወጣውን አረቄ ማገዶ ለማዳን ማንደድም ያስቃል። ሜታኖል የተቀላቀለበት አልኮል ግን ጥቂት ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም። ስለዚህ ጠርሙሱ ምልክት ተደርጎበት በተቈለፈ ሣጥን ይያዝ፤ የአረቄ ወዳጅ የሆነ ተከታይ በየጉዞው አይታጣምና።

ለሃያ ሰው ወጥ ይህን ምድጃ የሚያስብ አይኑር፤ የአልኮል ሙቀት በሚዛን ከላምባ ሦስት እጅ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ለጀበናና ለትንሽ ድስት ግን ይበቃል፤ ድስቱ ከከንፈሩ 3 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፥ ዙሪያውም ከሥሩ አየር በሚያስገባ ቆርቆሮ ከነፋስ ይከለል።