ዋይ ፋዩ ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?

ላፕቶፕ ለዛሬ ተማሪ እንደ ደብተር ሆኗል። በሐረር፣ በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጓደኛችን ጽሑፉን የሚልከውና ውጤቱን የሚያየው በዋይ ፋይ ነው። ታዲያ ጽሑፉን በሚያስረክብበት ዋዜማ የዋይ ፋዩ ምልክት ድንገት ቢጠፋበት፣ የወር ቀለቡን ገንዘብ ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ሆኖም ነገሩን በተራ የመረመረ ሰው ከዚህ ወጪ ብዙ ጊዜ ሊድን ስለሚችል፣ ያወቅነውን ማካፈል ተገቢ መስሎናል።

አስቀድመን ድራይቨር ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በላፕቶፑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ካርድ አለች። ካርዷ የምትናገረውን ዊንዶውስ በቀጥታ አይሰማም፤ ዊንዶውስ የሚያዘውንም ካርዷ አታውቅም። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ቃሉ ነጂ ማለት ቢሆንም ሥራው የአስተርጓሚ ነው። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በሚገናኙበት በሐረር ገበያ፣ ሻጭና ገዢ ጤነኞች ሳሉ አስተርጓሚው ዝም ቢል ንግዱ ይቆማል። እንዲሁም ካርዷ ሳትበላሽ ድራይቨሩ ብቻ ቢሰናከል ግንኙነቱ ይቋረጣል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዝም ያለው ማን ነው የሚል ነው።

አንደኛ፣ ግድግዳውን ከድራይቨሩ እንለይ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጀጎል ነባር ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ደግሞ ከባለ 2.4ቱ ይልቅ በግድግዳ ይደክማል። ስለዚህ ስልክን ከላፕቶፑ አጠገብ አድርጎ መሞከር ነው። ስልኩም እምቢ ካለ፣ መጠርጠር ያለበት ራውተሩ፣ መስመሩ ወይም ግድግዳው ነው። ላፕቶፑ የኔትዎርኮቹን ስም እያሳየ አልገናኝም ካለ፣ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን እናጣራ። ስልኩ ይዞ ላፕቶፑ ግን አንድም ስም ካላሳየ ወደ ድራይቨሩ እንለፍ።

ሁለተኛ፣ ኤርፕሌን ሞድ አለመከፈቱን አይተን ሪስታርት እናድርግ። በዊንዶውስ 10ና 11 ሻት ዳውን ማለት ሁልጊዜ ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር የድራይቨሩን ሁኔታ እንዳለ ያሳድረዋልና።

ሦስተኛ፣ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተን ኔትዎርክ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር የካርዷን ስም እንፈልግ። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለባት ተዘግታለችና ኢኔብል እንበላት። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለባት ደግሞ ፕሮፐርቲስን ከፍተን የስሕተቱን ቁጥር እንጻፍ፤ ለምሳሌ ኮድ 10 መሣሪያው መነሣት አልቻለም ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሰናል። ይህ ካልተፈቀደ፣ የድራይቨሩን ፋይል ሳናጠፋ መሣሪያውን አንኢንስቶል አድርገን ሪስታርት ብናደርግ ዊንዶውስ እንደገና ይጭነዋል።

አራተኛ፣ ዋይ ፋዩ የሚጠፋው እየቆየ ከሆነ፣ በዚያው ገጽ ፓወር ማኔጅመንት ካለ፣ ባትሪ ለመቆጠብ መሣሪያው እንዲጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት እናንሣ።

አዲስ ድራይቨር ቢያስፈልግስ ያለ ኢንተርኔት ከየት ይመጣል? ስልኩን በዩ ኤስ ቢ ገመድ አያይዘን ቴዘሪንግ ብንከፍት ላፕቶፑ ያለ ዋይ ፋይ ኢንተርኔት ያገኛል። ፋይሉንም ከላፕቶፑ ሠሪ ገጽ፣ በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር ማውረድ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ካልረዳ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክተን፣ ምንም ሳንጭን ከእርሱ እናስነሣ። በዚያ ዋይ ፋዩ ከሠራ ካርዷ ጤነኛ ናትና ጥፋቱ በዊንዶውስ በኩል ነው፤ ካርድ ለውጡ የሚለንን ሰው ያን ጊዜ በእርጋታ እንመልሰዋለን። በዚያም ካልሠራ ጥርጣሬው ወደ ካርዷ ያጋድላል፤ ያም ቢሆን በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ አነስተኛ አዳፕተር ከፈተናው ሊያደርሰን ይችላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ላፕቶፑ ደኅና ሳለ የድራይቨሩን ፋይል ዛሬውኑ በፍላሽ አስቀምጡ። ጥገና ቤት መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ የስሕተቱን ቁጥር ይዞ የሚሄድ ተማሪ ጠይቆ ይከፍላል፤ ሳያውቅ የሚሄድ ግን የተባለውን ሁሉ ይከፍላል።