የወጣቶች የኳስ ቡድን እንዴት ይተዳደራል?

ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለውን የአዲስ አበባ የኳስ ቡድን በሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት የሰፈር ወጣቶች ቡድን ነበር። የመንደራችሁ ልጆችም ቡድን ማቋቋም ይችላሉ። ችግሩ ማቆየቱ ላይ ነው። የመንደር ቡድን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ተሸንፎ አይደለም፤ የኳስ መግዣው ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ዕድር ታውቃላችሁ። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ቡድኑም እንደዚሁ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይምረጥ። ገንዘብ ያዡ ብቻውን አይቀበልም፤ ብቻውንም አያወጣም። 20 ልጆች በወር አምስት አምስት ብር ቢያዋጡ 100 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በገባበት ቀን ደብተር ላይ ይሰፍራል። የከፈለውም ልጅ በስሙ አንጻር ይፈርማል። ኳስ ሲገዛ ደረሰኙ ከደብተሩ ጋር ይያያዛል። ብር ያጣ ልጅስ? የሜዳውን ድንጋይ ይልቀም፤ ይህም ይጻፍለት።

ደብተሩ በወር አንድ ቀን በሁሉም ፊት ይነበባል። ማን ያንብበው? ፊደል የቆጠረ ወላጅ ያንብበው! በዚህ የሚከፋ ገንዘብ ያዥ ካለ ሌላ መምረጥ ነው።

ሌላው ጠብ የሚያመጣ ነገር ተራ ነው። ሜዳ የሚገቡት 11 ብቻ ናቸው። ዘጠኙ ቁጭ ብለው ያያሉ። እነሱም ከፍለዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ማን እንደተጫወተ ይመዝግብ፤ ሳምንት የተቀመጠው በሚቀጥለው ይግባ። በአጨዳ ጊዜ ግን ልምምዱ ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዛወር፤ አለዚያ አባቶች ልጆቹን ይከለክላሉ፤ እውነትም አላቸው።

እስቲ አስሉ፦ ከ20ዎቹ ልጆች 3ቱ ባይከፍሉ በወሩ ስንት ብር ይገባል?