ከአብጀድ እስከ አልፋ ቤታ፦ ግሪኮች ሁለቴ የተማሩት ጽሕፈት



በፕሮግራሞቻችን ላይ ደጋግመን የምናነሳው ታሪክ አለ። የግሪኮች የሕክምናና የሒሳብ መጻሕፍት በአባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ ወደ ዐረብኛ መተርጎማቸውን፣ ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ የጋሌንን ሥራዎች መተርጎሙን፣ ዕውቀቱም በአንዳሉስ በኩል ወደ አውሮፓ መሻገሩን እንናገራለን። መናገራችን ደግ ነው። ነገር ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደን «ግሪኮቹስ ከማን ተማሩ?» ብለን ብዙም አንጠይቅም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ እዚህ የምናየው ጽሕፈትን ብቻ ነው። ግሪኮች መጻፍን የተማሩት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ የተማሩት ከባሕር ተጓዦች ነው።

የመጀመሪያዎቹ የቀርጤስ ደሴት ሰዎች ናቸው። ከልደት በፊት ከ2000 ገደማ ጀምሮ ትልልቅ ቤተ መንግሥቶች እየሠሩ ከግብፅና ከሻም ወደቦች ጋር ይነግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ክኖሶስን መቆፈር የጀመረው እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ፣ ከግሪክ አፈ ታሪክ የንጉሥ ሚኖስን ስም ወስዶ «ሚኖአውያን» ብሎ ጠራቸው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንን ቧንቧቸውን ሳናነሳ አናልፍም። ከሸክላ የተሠራ ነው፤ አንደኛው ጫፉ ጠበብ ስለሚል አንዱ በሌላው አፍ እየገባ ይገጣጠማል። የዝናብና የቆሻሻ ውኃ መውረጃም ነበራቸው። ይህ ሁሉ ከ3,400 ዓመት በፊት የነበረ ነው።

ጽሕፈትም ነበራቸው፤ ሊኒየር ኤ ይባላል፤ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ከልደት በፊት በ1450 ገደማ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ማይሲኒያውያን ቀርጤስ ላይ የበላይ ሆኑ፤ ጽሕፈቱንም ለራሳቸው ቋንቋ አስተካክለው ያዙት። ሊኒየር ቢ የምንለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የፈታው ማይክል ቬንትሪስ በሙያው አርክቴክት ነበር። ሲነበብ ግን ግጥምም ታሪክም አልተገኘበትም። ይህን ያህል በግ፣ ይህን ያህል ዘይት፣ ለእገሌ ይህን ያህል እህል የሚል የመጋዘን ቆጠራ ነው። የድምፅ ምልክቶቹ ወደ 90 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዙ ናቸው። በዚህ ላይ የዕቃ ሥዕሎች ይጨመራሉ። ይህን የሚያውቁት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ነበሩ። በ1200 ገደማ ቤተ መንግሥቶቹ ሲቃጠሉ የጸሐፊዎቹ ሥራ ቀረ፤ ጽሕፈቱም አብሮ ጠፋ። የሚገርመው፣ የጭቃ ሰሌዳዎቹን እንደ ሸክላ ተኩሶ ለእኛ ያቆየልን ያው እሳት ነው። ከዚያ በኋላ ለ400 ዓመት ያህል በዋናው የግሪክ ምድር ጽሕፈት አይታይም።

ሁለተኛዎቹ መምህራን ፊንቄያውያን ናቸው፤ የሱር፣ የሰይዳና የጁበይል ሰዎች፣ በዛሬዋ ሊባኖስ። ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም እያወጡ፣ የዝግባ እንጨት እየጫኑ እስከ ስፔን ድረስ ይነግዱ ነበር። ፊደላቸው 22 ብቻ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ሐረካ እንዳልተደረገበት ዐረብኛ ተነባቢውን ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ፊደል ለመማር ቤተ መንግሥት መቀመጥ አያስፈልግም። ከልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የግሪክ ጽሕፈት ተመልሶ ሲመጣ የምናገኘው በማንቆርቆሪያና በመጠጫ ጽዋ ላይ ተጭሮ ነው።

መውሰዳቸውን ለማወቅ ቁፋሮም አያስፈልገንም። መድረሳ «አብጀድ፣ ሀወዝ፣ ሑጢ፣ ከለመን» ያልን ሰዎች የግሪኩን ተራ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አሊፍ፣ ባ፣ ጂም፣ ዳል፦ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። ሓ፣ ጧ፣ ያ፦ ኢታ፣ ቴታ፣ አዮታ። ካፍ፣ ላም፣ ሚም፣ ኑን፦ ካፓ፣ ላምዳ፣ ሚው፣ ኒው። በፊዚክስ ደብተራችን በየቀኑ የምንጽፋቸው ምልክቶች አብጀድ ናቸው ማለት ነው! ደግሞ «ቤታ» በግሪክኛ የፊደል ስም ከመሆን ያለፈ ትርጉም የለውም። በፊንቄኛ ግን ቤት ቤት ነው፤ በዐረብኛ በይት፣ በአማርኛም ያው ቤት።

የግሪኮቹን ድርሻ ግን አንነፍጋቸውም። በአፋቸው እንደ ዐይን ያሉ የጉሮሮ ድምፆች አልነበሩም። ስለዚህ ሥራ ፈት የሆኑትን ምልክቶች ለአናባቢ አዋሏቸው፦ አሊፍን ለ«ኣ»፣ ሀን ለ«ኤ»፣ ያን ለ«ኢ»፣ ዐይንን ለ«ኦ»። አናባቢ ከተነባቢ እኩል ራሱን ችሎ የቆመበት ፊደል በዚህ መንገድ ተገኘ። መዋሳቸውንም አልደበቁም። ከልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሄሮዶቱስ ፊደሉን ከካድሞስ ጋር የመጡ ፊንቄያውያን እንዳስተማሩ፣ ግሪኮችም «የፊንቄ ፊደል» ይሉት እንደነበር በግልጽ አስፍሯል። ከዐረብኛ የወሰዱትን ሳይጠቅሱ ያለፉ የኋላ ዘመን ጸሐፊዎችን ስናስብ፣ የሄሮዶቱስ ሐቀኝነት ደስ ይለናል።

አንዱን ፊደል ለብቻው እንየው። የፊንቄው ዐይን ስሙም ዓይን ነው፤ ቅርጹም ክብ። ግሪኮች ክቡን እንዳለ ወስደው «ኦ» አሉት፤ ከእነሱ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ አለፈ። የእኛ ፊደል በፊንቄ በኩል አልመጣም፤ ከዚያው ጥንታዊ ግንድ ወጥቶ በየመን በኩል የተሻገረ ዘመድ ነው። «ዐ»ን እንመልከታት፤ እስከ ዛሬ ክብ ናት።