ስለ «ክፉኛ» ትርጓሜና አገባብ

«ክፉኛ» የተባለው ቃል የወጣው «ክፉ» ከሚለው ቅጽል ነው። «ኛ» ተጨምሮበት ተውሳከ ግሥ ሆነ፤ ይኸውም ግሡ የሚናገረው ነገር እንደ በረታና ከልክ እንዳለፈ ያስረዳል። «ክፉኛ ደነገጠ» ሲባል ድንጋጤው ሰውነቱን አናወጠው፣ አእምሮውንም አሳተው ማለት ነው። «ክፉኛ ተራበ»፣ «ክፉኛ ተቆጣ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

ነገር ግን ቃሉ ከ«ክፉ» ቢወለድም የአባቱን ጠባይ ሁሉ አልወረሰም። «ክፉኛ ወደዳት» ይባላልና፤ በዚህ ውስጥ ያለው የፍቅሩ ብርታት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ይህን አለመለየት በዳኝነት ጊዜ ሰውን ይጎዳል። ምስክር በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «ክፉኛ መታው» ቢል የተናገረው ስለ ምቱ ኃይል ብቻ ነው። ጸሐፊው ግን «በክፋት መታው» ብሎ ቢያሰፍረው፣ ምስክሩ ያላወጣውን የልብ አሳብ ጨመረበት። በገና ጨዋታ ሩሩን ሊመታ የሰነዘረ ልጅ፣ ዱላው ስቶ የባልንጀራውን ቅልጥም ክፉኛ ሊመታ ይችላል፤ ቂም ግን በልቡ የለም። በአንጻሩ ቂመኛ ሰው በመዳፉ ጫፍ ብቻ ቢነካ በክፋት ነካ ይባላል፤ ክፉኛ መታ ግን አይባልም። ካሳውም ዕርቁም በዚህች ልዩነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ የምስክር ቃል የሚጽፍ ሰው የሰማውን ቃል እንዳለ ማስፈር ይገባዋል።

ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» እንደሚታየው፣ በአማርኛ ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሦች ጥቂቶች ናቸው። «ምንኛ» እና «ጅልኛ» የ«ክፉኛ» ዘመዶች ናቸው። ተማሪዎች ግን ይህን «ኛ» በ«ሁለተኛ»፣ በ«አማርኛ» እና በ«ፈረሰኛ» ካለው ጋራ እንዳያደባልቁት መምህሩ ይጠንቀቅ፤ የፊደሉ መልክ አንድ ቢሆንም ሥራው ልዩ ልዩ ነው።

የ«ክፉኛ» ቦታ ከግሡ በፊት ነው። በጾታና በቁጥር አይለወጥም፤ «በ» አይቀድመውም፤ ስምንም አይገልጽም፤ ስለዚህ «ክፉኛ ሰው» ስሕተት ነው። ብርታትና ድካም ከሌለው ግሥ ጋራም አይስማማም። «ክፉኛ ተቀመጠ» የሚል የለም። ፍጥነትን ለመናገር «በጥድፊያ ሄደ» ይባላል እንጂ «ክፉኛ ሄደ» አይባልም።

ለልምምድ ያህል መምህሩ «ቆሰለ»፣ «ናፈቀ»፣ «ቆመ»፣ «ተጠማ» የሚሉትን ግሦች በሰሌዳ ጽፎ፣ «ክፉኛ»ን የማይቀበለው የትኛው እንደ ሆነ ልጆቹን ከነምክንያቱ ይጠይቃቸው።