የባሕር ወለል ዕድሜ በምን ይታወቃል?

አንድ ገበሬ የአያቱን አሮጌ ቤት አፍርሶ ቦታውን ሲቆፍር ሳንቲም አገኘ እንበል። ከላይኛው አፈር የወጣው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ነው። ዝቅ ብሎ ሲቆፍር ደግሞ የአፄ ምኒልክ መልክ ያለበት ብር ወጣ። ገበሬው የትኛው አፈር ቀድሞ እንደተደፋ ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። የታችኛው ይቀድማል፤ ዘመኑንም ሳንቲሙ ይናገራል።

የባሕር ወለል ዕድሜም የሚታወቀው እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ የባሕሩ ሳንቲም በጣም ደቃቅ በመሆኑ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ በማይክሮስኮፕ መታየቱ ነው።

የባሕሩ ሳንቲም ምንድን ነው?

በባሕር ውኃ ውስጥ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ፍጥረታት ይኖራሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳሉ። ብዙዎቹ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አላቸው። ቅርፊቱ ኖራ ከሚቃጠልበት ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ፍጥረቱ ሲሞት ቅርፊቱ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰምጣል። እንዲህ እየተደራረበ ጭቃ ይሆናል። በጥልቅ ባሕር በአንድ ሺህ ዓመት የሚጠራቀመው ጭቃ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴንቲሜትር አይበልጥም።

እነዚህ ፍጥረታት በየዘመኑ ተለዋውጠዋል። አንዱ ዓይነት ይመጣል፣ ይበዛል፣ ከዚያም ይጠፋል። የጠፋው ተመልሶ አይመጣም።

ታዲያ ሁሉም ቅርፊት ዘመን ይናገራል ማለት ነው? አይደለም። ጠገራ ብርን እናስታውስ። በማርትሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ ጠገራ ብር ያገኘ ሰው «ይሄ አፈር የ1780 ነው» ቢል ይሳሳታል። ከቅርፊቶቹም መሐል ሳይለወጥ ረጅም ዘመን የኖረው ለዚህ ሥራ አይረባም። የሚጠቅመው ለአጭር ዘመን ኖሮ በብዙ ባሕሮች የተሠራጨው ነው።

ቅርፊቱ የሚናገረው የትኛው እንደሚቀድም እንጂ የዓመቱን ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ የሚገኝበት አንዱ መንገድ በንብርብሮቹ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በታወቀ ፍጥነት ይለወጣሉ። ምን ያህሉ እንደተለወጠ ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል።

ክርክሩና ፍርዱ

በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1912 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር «አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ» ብሎ ተናገረ። ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1962 አሜሪካዊው ሃሪ ሄስ ሌላ ሐሳብ ጨመረ። በውቅያኖስ መካከል በውኃ ውስጥ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት አለ። ከዚያ ቀልጦ የሚወጣው ድንጋይ አዲስ ወለል እየሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል አለ።

ይህ እውነት ከሆነ ከሰንሰለቱ አጠገብ ያለው ወለል ወጣት፣ የራቀው ግን አሮጌ መሆን አለበት። ካልሆነ ሐሳቡ ይወድቃል።

ከ1968 መጨረሻ እስከ 1969 መጀመሪያ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መቆፈሪያ መርከብ ከዳካር ተነሥታ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ስትጓዝ በደቡብ አትላንቲክ ወለሉን በየቦታው ቆፈረች። ሠራተኞቹ የሚፈልጉት በጥቁሩ ድንጋይ ላይ በቀጥታ የተኛውን ጭቃ ነው። ድንጋዩ እንደቀዘቀዘ መጀመሪያ ያረፈበት ያ ጭቃ ነውና። ድንጋዩን ራሱን እንዳይለኩት፣ የባሕር ውኃ ለብዙ ዘመን ስለሚለውጠው ልኬቱ ያሳስታል።

ቅርፊቶቹ ምን አሉ? ከሰንሰለቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ጭቃ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 24 ሚሊዮን፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 67 ሚሊዮን ሆነ። ርቀቱ ሲጨምር ዕድሜውም ጨመረ።

እስቲ እናስላ። 1,300 ኪሎ ሜትር 130,000,000 ሴንቲሜትር ነው። ይህን ለ67,000,000 ዓመት ብናካፍል በዓመት ወደ 2 ሴንቲሜትር ይመጣል። ወለሉ በእያንዳንዱ ጎን በዚህን ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ጥቂት ይመስላል፤ ሲጠራቀም ግን አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን ያራራቀ ጉዞ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቀይ ባሕር በዚሁ መንገድ እየሰፋ ያለ ወጣት ባሕር ነው። ግሎማር ቻሌንጀር በ1972 እዚያም ቆፍራለች። በአፋር ምድር ደግሞ በ2005 ቀልጦ የወጣ ድንጋይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሬት ሥር ሰርጎ ምድሩን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። በውቅያኖስ ሥር ተሰውሮ የሚሠራውን ሥራ አፋር ላይ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል።

የቃላት ፍች

ንብርብር፦ አንዱ በሌላው ላይ የተኛ አፈር ወይም ድንጋይ
ሰንሰለት፦ ተያይዞ የተዘረጋ ተራራ
አህጉር፦ እንደ አፍሪካ ያለ ሰፊ የየብስ ክፍል

ጥያቄዎች

1. ጠገራ ብር የአፈርን ዘመን በትክክል የማይናገረው ለምንድን ነው?
2. ሠራተኞቹ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ በቀጥታ ያለውን ጭቃ የፈለጉት ለምንድን ነው?
3. ወለሉ በዓመት 2 ሴንቲሜትር ቢሄድ በ100 ዓመት ስንት ሜትር ይሄዳል?
4. በአካባቢያችሁ ወንዝ የቆረጠው ገደል ካለ ንብርብሮቹን ተመልከቱ። የትኛው ይቀድማል? ለምን? ተወያዩበት።