የልጆቻችንን መክሊት በፍርሃት አናስቀብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል። በዕለቱ በሚነበበው ወንጌል (ማቴ. 25፥14-30) ጌታው ለአንዱ 5፣ ለሌላው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት ሰጠ። 5 ያተረፈውና 2 ያተረፈው የተመሰገኑት እኩል ነው። ሦስተኛው ግን ፈራና መክሊቱን ቀበረ።

እኛስ? ልጃችን ሰርተፍኬቱን ይዞ ሲመጣ «የጎረቤት ልጅ አንደኛ ወጣ፤ አንተ ድንጋይ ራስ!» እንላለን። ይህ ልጅ መክሊት አላጣም፤ ይፈራና ይቀብረዋል እንጂ። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ይተዋል። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እያስቆጡ ተስፋ እንዳያስቆርጧቸው መክሯል (ቈላ. 3፥21)።

ቅዱስ ያሬድን እናስብ። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ዛፉ ላይ ሲወጣ አየ። ተጽናንቶ ተመለሰ፤ መምህሩም ተቀበሉት። ያ ትምህርት የከበደው ልጅ የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት ሆነ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችን ሲወድቅ መመለሻ በር እንክፈትለት። መጀመሪያ «አይዞህ» እንበለው፤ ቀጥሎ «የቱ ጋ ከበደህ?» ብለን አብረነው እንቀመጥ። ዛሬውን ከራሱ ትናንት ጋር እንጂ ከወንድሙ ጋር አናወዳድር። ጥፋቱን እንገሥጽ፤ ልጁን ግን አናዋርድ። ጾማችን ከሥጋና ከቅቤ ብቻ አይሁን፤ አንደበታችንም ከስድብ ይጹም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።